ትርፍ የጎድን አጥንት

ባለፈው ሳምንት ሳሌ እኔን ሳይሆን ምራቴን እንቅልፍ ነሥቷት፣ ደሴ ፒያሳ ካሉት አዳዲስ የምርመራ ቤቶች ወደ አንዱ እየጎተተች ወሰደችኝ። ደረቴን ራጅ ተነሣሁ። ድሮ ጥቁር ፊልም ነበር የሚሰጠው፤ አሁን ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ላይ ነው። ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ አንድ ሐኪም ወንበሩን እያሽከረከረ ሲመለከት ቆየና ድንገት ብድግ ብሎ ከጎረቤት ክፍል ሁለት ጓደኞቹን ጠራ። "ኑ እስቲ፣ ብርቅ ነገር ላሳያችሁ!" አላቸው። ሦስቱም ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ኮምፒውተሩ ላይ ተደፉ። እኔ እዚያው አጠገባቸው፣ ከኋላ የሚታሰር ልብስ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ዞር ብሎ ያየኝ ግን የለም።

"እማማ፣ አንገትዎ ሥር ትርፍ የጎድን አጥንት አለዎት። እንዲህ ዓይነቱ ከስንት ሰው አንድ ቢገኝ ነው። ያውቁ ኖሯል?" አለኝ በመጨረሻ፣ የጠፋብኝን ዕቃ እንዳገኘልኝ ሁሉ።

"እናትህ አንተን ሳታስብህ ነው የማውቀው" አልኩት።

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። በዚያች አጥንት ጉዳይ እኔ አልቀልድም። ያስነሣችብኝን ጠብ፣ ያሰደበችኝን ስድብ ባወራቸው ወንበር ማሽከርከሩን ይተዉት ነበር። አልጠየቁኝምና አላወራሁላቸውም። ለእናንተ ግን፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከመነሻው ልንገራችሁ።

የሶማሌ ጦርነት አልቆ የሰሜኑ በባሰበት ሰሞን ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ገና አልሞላኝም። ማኅበሩ የሚሠራው ከአንድ ነጋዴ በተወረሰ መጋዘን ውስጥ ነበር። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል፤ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ የቦርከናን ወንዝ ጭቃ ሽታ ይዞ ይመጣል። የምንሰፋው የሚሊሺያ ልብስ ነው። ካኪውን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደራርበን እናነጥፋለን፣ በጠመኔ እናሠምራለን፣ ከዚያ በከባድ መቀስ እንቆርጣለን። በመቀስ የሚወዳደረኝ አልነበረም። ጉራ ካላችሁትም ጉራ ይሁን፤ የያኔዋን ፋጡማ የሚያሞግስ ሰው ዛሬ ከኔ በቀር አልተረፈም።

ጨርቁ በመኪና ሲመጣ ጣቃውን እየተሸከምን ወደ መጋዘን የምናስገባው በትከሻችን ነበር። ይህም "ዘመቻ" ይባላል። ያን ጊዜ ዘመቻ ያልሆነ ነገር አልነበረም፤ መጥረግም ዘመቻ ነው፣ ማጨብጨብም ዘመቻ ነው። በጥቅምት መጨረሻ፣ ጥንቅሽ በየሸክሙ ወደ ገበያ በሚገባበት ወቅት፣ አንድ ቀን ጣቃ አድርሼ ስመለስ ቀኝ እጄ ከክርኑ በታች ነፈዘብኝ። ጣቶቼ ነጡ፣ ቀዘቀዙ። በዚያ ሙቀት የኔ እጅ ብቻ ደሴ ያደረ ይመስል ነበር። ጥቂት ሲያርፍ እየወረረኝና እየጠዘጠዘኝ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ልማድ አደረገው። ስሸከምበት ወይም ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ሳወርድበት ይሞታል፤ ሲያርፍ ይነሣል። ጥንቅሽ ልልጥ ስል እንኳ ቢላዋው ከእጄ ይወድቃል። እናቴ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ ክንዴን ከላይ እስከ ታች አሸና "ስብራትም ውልቃትም የለባት" ብሎ ሸኘን። በማግስቱ ጣቃ ተሸክሜ ገብቼ ወዲያው መቁረጥ ስጀምር መቀሱ ከመስመሩ ወጥቶ ሮጠ። የተደራረበው ካኪ በሙሉ፣ የደረት የነበረው ሁሉ፣ ከመሀል ተሰነጠቀ። ጣቶቼ መቀሱን መያዛቸውን እንኳ አላውቅም ነበር።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓድ ሙላቱ ይባላል። አብዮቱ ከመምጣቱ በፊት ሽንኩርት ነጋዴ ነበር። ሽንኩርት መነገድ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሰውን ሁሉ እንደ ሽንኩርት መላጥ ማማሩ ነው። የተሰነጠቀውን ካኪ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ለሠራተኛው ካሳየ በኋላ ወደኔ ዞረ።

"ይሄ እጅ ስትፈልጊ ይሠራል፣ ሳትፈልጊ ይሞታል ማለት ነው?"

"በፈቃዴ አይደለም ጓድ። ወላሂ አይሰማኝም።"

"ወላሂን ለመስጊድ አቆዪው። የቀደድሽው ግንባር ላይ ያለ ወንድምሽ የሚለብሰውን ነው። ይሄ አሻጥር ይባላል።"

የዛሬ ልጆች አሻጥር ሲባል ቀላል ስድብ ይመስላችሁ ይሆናል። ከኔ በፊት አንድ የስፌት መኪና ጠጋኝ አሻጥረኛ ተብሎ አብዮት ጥበቃ ወስዶት ነበር። ሚስቱ ምሳ ይዛ ስትመላለስ ከረመች። አንድ ቀን በረኛው "ከእንግዲህ አታምጪ" አላት። እሷም ሳህኗን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ሁላችንም ምን ማለት እንደ ሆነ ገባን። ስለዚህ ጓድ ሙላቱ ያን ቃል ሲወረውርብኝ ያቺ ሳህን ታየችኝ።

ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሴቶቹ ደግሞ የራሳቸውን አመጡ። "እጇ አይሰማትም እኮ! ቦሩ ሜዳ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?" ይባባላሉ። እዚያ ባለው ሆስፒታል የተነሣ ቦሩ ሜዳ ማለት በኛ አገር አፍ የሥጋ ደዌ ማለት ነበር። የምጠጣበትን ጣሳ ለብቻ አስቀመጡት። መቀሴን በጨርቅ ይዘው ነው የሚያቀብሉኝ። አብሬያቸው ያደግሁ ሰዎች ናቸው፣ ሠርጋቸው ላይ የዘፈንኩ፣ ሐዘናቸው ላይ ያለቀስኩ። በጣሳዬ የጠጣችው እትዬ ደብሬ ብቻ ናት። እትዬ ደብሬ የከሰል ካውያ ተኳሻችን ነበረች፤ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ምላሷ ከካውያዋ የሚፋጅ። ያጠጣትም ፍቅር አይመስለኝም። ሴቶቹን ለማናደድ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ አለ። ግራ እጃችንን ጨብጠን መፈክር ካሰማን በኋላ እኔን ጠረጴዛው ፊት አቆሙኝ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ይቺ ልጅ በሽተኛ ናት ወይስ አሻጥረኛ? በሽተኛ ከሆነች ትታከም፤ አሻጥረኛ ከሆነች ለአብዮት ጥበቃ ትሰጥ። ብዙ ተባለ፣ የሚበዛው ክፉ ነው። በመጨረሻ ጓድ ሙላቱ ከንግግሩ ሁሉ አንድ የሚመስል ነገር ተናገረ። "እኛ ሳይንሳውያን ነን። ራጅ ትነሣና ፎቶው ይፍረድ።"

ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ ቀና ብሎም አላየኝ። "የት ነው?" አለኝ። "እጄ" አልኩት። እጅ ብሎ አዘዘልኝ።

ደሴ ወጣሁ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ አውቶቡሱ በየጥምዝምዙ ያቃስታል። ከታች ማሽላው ቀልቶ ቆሟል፤ ከላይ ጉሙ ይጠብቃል። ነጠላ ብቻ ለብሼ የወጣሁ ልጅ ደሴ ስደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ራጅ የሚያነሣው ሰውዬ እንደ ታዘዘው መዳፌን ቀዝቃዛ ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ አነሣልኝ። ፎቶው ሲደርስ አየሁት። የገዛ እጄን አጥንት ሳየው ከመቃብር የወጣ መሰለኝ። ጣቴ ላይ ያለችው የብር ቀለበቴ እንኳ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ውጤቱ፣ ንጹህ።

ለታመመ ሰው ንጹህ መባል ምሥራች ነው። እኔ ግን ያን ፊልም ተሸክሜ ሐረጎን ስወርድ ሞቴን ይዤ እንደምወርድ አውቅ ነበር። ልጥለው አስቤ ነበር፤ ብጥለው ደግሞ ደበቀች ይሉኛል።

ጓድ ሙላቱ በስብሰባው መሀል ፊልሙን ወደ መስኮቱ አነሣው። ሴቶቹ "አስተግፊሩላህ!" "በስመ አብ!" እያሉ ዓይናቸውን ሸፈኑ፤ ከጣቶቻቸው መሀል ግን ያያሉ።

"የሷ መሆኑ ተረጋግጧል?" አለ ጓድ ሙላቱ።

"ቀለበቷ አለ! የሷው ነው!" አሉት።

"እንግዲህ ሰማችሁ፤ አጥንቱ ንጹህ ነው። ሰው ይዋሻል፣ ራጅ አይዋሽም። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ታስብበትና አሻጥሯን ታምን። ካላመነች ለአብዮት ጥበቃ ትሰጣለች።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝና ፊልም ደግሞ ይብሳል። አስረድቼ፣ ለምኜ፣ አልቅሼ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቁጣ ብቻ ቀረኝ። ስብሰባው ሲበተን እትዬ ደብሬ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ከመጋዘኑ ጀርባ ወሰደችኝ።

"ቦሩ ሜዳ ሂጂ" አለችኝ።

"እትዬ! አንቺም?"

"አፍሽን ዝጊና ስሚኝ! የማይሰማ እጅ የሚያውቁ ሐኪሞች ያሉት እዚያ ነው። ደዌውም ከሆነ ይሁን። ደዌ በመድኃኒት ይያዛል፤ የሙላቱ አፍ ምን መድኃኒት አለው?"

ሄድኩ። ለእናቴ ገበያ ነው ብዬ፣ በሶ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ከደሴ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግሬ ገሠገሥኩት። ኅዳር ነበርና ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ገበሬዎች ገብስ እያጨዱ ነው። መንገድ የጠየቅኳቸው ሴት "ወዴት ነሽ ልጄ?" ሲሉኝ ሆስፒታሉን ጠቆምኩ። ከነዶው ላይ እሸት ዘለላ ቆርጠው በሩቁ ወረወሩልኝ። መስጠቱንም መራቁንም አንድ ላይ አደረጉት። እሸቱን ግን በላሁት፤ ርቦኝ ነበር።

ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ቀጭን፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። ሲጋራውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ "ምን ሆንሽ?" አለኝ።

"እጄ ይሞታል።"

"የሞተ እጅ ይዞ የሚመጣ የለም። አምጪው።"

ዓይኔን አስጨፈነኝና በጥጥ ዳሰሰኝ፣ በመርፌ ጠቀሰኝ። ከክርኔ በታች ያለውን ጅማት በጣቱ ፈለገ። "የሥጋ ደዌ የለብሽም" አለኝ፣ የተናደደብኝ ይመስል። አለቀስኩ። "አሁን ምን ያስለቅስሻል? የለብሽም እኮ ነው ያልኩሽ!"

"ምነው ኖሮብኝ ቢሆን!" አልኩት። "በሽተኛ ካልሆንኩ አሻጥረኛ ነኝ።"

ሲጋራውን አነሣ፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። "መቼ መቼ ነው የሚሞተው? ምን ስትሠሪ?"

ጣቃውን ነገርኩት። መደርደሪያውንም ነገርኩት። ብድግ ብሎ ከኋላዬ ቆመና የቀኝ እጄን ወደ ላይ ዘርግቶ ያዘው። በሌላ እጁ የእጄን የደም ሥር ይዟል። "አንገትሽን ወደዚህ አዙሪ፤ ተንፍሺና ያዢው" አለ። "ጠፋ!" አለ ወዲያው። የደም ሥሬ መምታቱን አቁሞ ነበር። እጄን ሲያወርደው ተመለሰ፤ ሲያነሣው ጠፋ። ከዚያ ከማጅራቴ ጎን፣ ከትከሻዬ አጥንት በላይ ያለውን ጎድጓዳ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጩኸቴ ውጭ ድረስ ተሰማ።

"ማነው እጅሽን ራጅ ያዘዘው? ቧንቧ ውሃ ሲያጣ የሚታየው አፉ ነው ወይስ መስመሩ?" ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔ ያዘዝኩት ይመስል። ያን ቀን የተጮኸብኝን ያህል ተጮኾብኝ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝም አያውቅም።

ደሴ ተመልሼ በሱ ትእዛዝ አንገቴንና የደረቴን ላይኛ ክፍል ተነሣሁ። ፊልሙን ይዤ በማግስቱ ደግሜ መጣሁ። መስኮቱ ላይ ለጥፎ በሲጋራው ጫፍ አሳየኝ። በግራ በኩል የጎድን አጥንቶቹ ከደረት ይጀምራሉ። በቀኝ በኩል ግን ከሁሉም በላይ፣ አንገቴ ሥር፣ አንዲት አጭር ቀንድ የምትመስል አጥንት ወጥታለች።

"ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?" አለኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"ምንም አትሠራም። አንዳንድ ሰው ይዟት ይወለዳል። አብዛኛው ሰው ሳያውቃት ይሞታል። ያንቺ ግን የእጅሽን ደም ሥርና ጅማት አላስቀምጥ ብላለች፤ ስትሸከሚ ከላይ ትጫኚዋለሽ፣ እሷ ከታች ታንቀዋለች። የሚያወጣት ሰው አዲስ አበባ ቢገኝ ነው። እስከዚያ አትሸከሚ። በይ ሂጂ፤ ተራ ያለውን አስገቢ።" ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ወጣሁ። እስከ ዛሬ ስሰግድ ዱዓ የማደርግለት ግን እሱ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሁለተኛውን ፊልም ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ጓድ ሙላቱ ወደ መስኮቱ አነሣው፣ ገለባበጠው፣ አገጩን አሸ። ሐኪሙ ያለውን አስረዳሁ። ከልብስ ሰፊዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ይመር የሚባል ሽማግሌ፣ "ሴት ከወንድ ጎን ተፈጠረች ይባላል፤ ይቺ ደግሞ ያላገባችውን ባል ጎድን አስቀድማ ወስዳበታለች" አለና ቤቱ ሳቀ። ጓድ ሙላቱ አልሳቀም።

"የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ቀለበት ነበረበት" አለ። "እዚህ ላይ ምን ምልክት አለ? የማን አንገት እንደ ሆነ በምን እናውቃለን?"

እውነቱን ነው የምላችሁ፣ የስብሰባው ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀ! "እውነት ነው፣ ቀለበት የለውም" አሉ። አንገቴ ላይ ቀለበት እንዲኖረኝ ነው የሚጠብቁት። ደሜ ፈላ። ሐኪሙ እንዳሳየኝ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ "እዩ! ፎቶውን ተዉትና እኔን እዩኝ!" አልኳቸው። ሁሉም ፊት ጣቶቼ ነጡ፣ ጥፍሬ ከሰለ። የያዝኩት ጠመኔ ከእጄ ወደቀ።

"ቲያትሩ ይቅር!" አለ ጓድ ሙላቱ። "የምናጣራው የፊልሙን ባለቤት ነው።"

በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው፤ ሻሼ ተፈታ፣ ጠረጴዛው ጥግ ተቀመጥኩ፣ የማኅበሩ ሴቶች ተራ በተራ እየመጡ አንገቴ ሥር አውራ ጣታቸውን ተጫኑ። ጣሳዬን ይጸየፉ የነበሩት ናቸው። እያንዳንዷ ስትጫነኝ እሳት እስከ ትንሿ ጣቴ ይወርዳል። እኔን ተጭነው ከራሳቸው አንገት ያመሳክራሉ። "አለ! እኔ ጋ የለም፣ እሷ ጋ አለ!" እያሉ የገበያ በግ እንደሚዳስስ ሰው ይጮኻሉ። አንዳቸውም "አመመሽ ወይ?" አላሉኝም። ጓድ ሙላቱ ከወንበሩ ተነሥቶ "ሳይንስ እውነቱን አወጣ!" ብሎ አወጀ። ተጨበጨበ። አሻጥረኛነቴ ተሰረዘ። እኔም ከመቁረጥ ወደ ቁልፍ መትከል ተዛወርኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ዛሬ ባልተናደድኩ። ጓድ ሙላቱ ፊልሙን አልመለሰልኝም። ብርሃን እንዲያሳየው ብሎ መስኮቱ ላይ፣ ከሦስቱ ባለ ጢም የሶሻሊዝም አባቶች ሥዕል ጎን ሰቀለው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳየዋል። ከዚያም አዲስ ደንብ አወጣ፤ ከእንግዲህ አመመኝ የሚል ሠራተኛ ሁሉ እንደ ፋጡማ ራጅ ያምጣ።

በበልጉ ዝናብ ወራት እትዬ ደብሬን ወገቧ ያማት ጀመር። ካውያውን አንሥታ ቀና ስትል ፊቷ ይጨማደዳል። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ይይዛታል። ጥቂት ቀን ልረፍ ብትል "ራጅ!" አላት። ደሴ ወጥታ ወገቧን ተነሣች። ንጹህ ሆነ።

ቅዳሜ እሷ እኔ የቆምኩበት ቦታ ቆመች። ጓድ ሙላቱ በእንጨት ማሥመሪያ ወደ መስኮቱ፣ ወደኔ አንገት፣ ጠቆመ። "የእውነተኛ በሽተኛ ራጅ ይሄን ይመስላል" አለ። "ያንቺ ባዶ ነው። የምታቃስቺው ሥራ ጠልተሽ ነው። ከማኅበሩ ትባረር የምትሉ?"

እጆች ወጡ። አንገቴን የተጫኑኝ አውራ ጣቶች ሁሉ ወጡ።

ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ሰዎች በብዙ ዓይነት አውርተዋል። እኔ ያደረግሁት ይህን ነው፤ ከቁልፍ ሳጥኔ ጎን የነበረውን የድሮ መቀሴን አነሣሁ፣ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ፊልሙን ከመስኮቱ ነቀልኩና እዚያው ሁሉም እያየ ቆረጥኩት። ፊልም እንደ ካኪ አይደለም፤ ይንሸራተታል፣ ይንጫጫል። አንገቴን ከደረቴ፣ ጎድኔን ከጎድኔ ለያየሁት። እጄ ያን ቀን አልከዳኝም።

"አሁን እኔም ፎቶ የለኝም!" አልኩ። "በሉ ፍረዱብኝ! ስትዳስሱኝ የነበረችው አጥንት አሁን የለችም ማለት ነው? እትዬ ደብሬን የት ላይ ነው የሚያምሽ ብሎ የጠየቃት ከመሀላችሁ ማነው?"

ጓድ ሙላቱ ብቻ የማኅበሩን ንብረት አወደመች እያለ ይጮኻል። ያን ሰሞን አሻጥረኛ ሲለኝ የከረመውን ያን ቀን ሆንኩለት፤ እንኳንም ሆንኩ።

ቀበሌ ታሰርኩ። አብራ ዶልታለች ተብላ እትዬ ደብሬም ታሰረች። ጉንጬን ስማ የምታመሰግነኝ የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ሲሚንቶው ላይ ጎኔ ተቀምጣ እንዲህ ነበር ያለችኝ፦

"አንቺ እብድ! ማን ጠበቃ አደረገሽ? እኔ ተባርሬ ቤቴ እገባ ነበር። አሁን ልጆቼን ማን ያብላልኝ? ያንቺ እናት?"

"ያዋረዱሽን ዝም ብዬ ልይ?"

"ውርደት ዳቦ ይሆናል? ተይኝ ወዲያ! ደግሞ ይሄ እጅሽ ምንድነው፣ ሬሳ እኮ ነው፣ አምጪው!" ብላ፣ ስድቧን ሳታቋርጥ፣ የቀዘቀዘውን እጄን ብብቷ ውስጥ ከተተችው። እንዲሁ እየሰደበችኝ አሞቀችው። ልጆቿን በእርግጥም እናቴ ስታበላቸው ከረመች።

ጥቂት ሳምንታት ቆይተን ወጣን። ሁለታችንም ተባረርን። ዓመት ሳይሞላ የእትዬ ደብሬ ወገብ ላይ ጉብታ ወጣ፣ እግሯ ከዳት። ያን ጊዜ ደግመው ራጅ ሲያነሧት የአጥንት ነቀርሳ፣ ቲቢ የሚሉት፣ ሁለት አጥንቷን በልቶ ተገኘ። መጀመሪያ ሲያነሧት ሕመሙ ጀማሪ ስለ ነበር ፎቶው ላይ አልደረሰም ነበር አሉን። እሷ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ክረምት ቀበርናት፤ ጓድ ሙላቱ ወደ ሌላ ከተማ በሹመት ሄዶ ነበርና ለቀብሩ አልመጣም። ቢመጣ ምን እንደማደርገው አላህ ያውቃል።

ራጅን አልጠላም። ሕይወቴን ያተረፈችው አንዲት ፊልም ናት፤ ያስገኘችው ግን "ምን ስትሠሪ?" ብሎ የጠየቀኝ ያ ቁጡ ሰው ነው። መኪናው የሚያየው ወዳነጣጠሩበት ብቻ ነው፤ ወዴት ማነጣጠር እንዳለበት የሚነግረው የታመመው ሰው ነው። ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም። ግን ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፣ መኪናው ሠለጠነ፣ ሰው እዚያው ነው።

ከምርመራው ክፍል ወጥቼ ምራቴ ወረቀቷን እስክትቀበል ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አንዲት ልጅ እግር ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ያበጠ ዓይን አላት። አማቷ የሚመስሉኝ ሴት ፊቷ ላይ ወረቀት ያራግባሉ። "ንጹህ ነው አሉ እኮ! ሰማሽ? ምንም የለብሽም። እንግዲህ ወገቤ ወገቤ የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ አልሰማም!"

"ሴትዮ፣ ንጹህ ያሉት ፎቶውን ነው" አልኳቸው።

ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "እርስዎን ምን አገባዎት?"

"ያገባኛል!" አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው፤ ሰው ሁሉ ዞረ፤ ያ ወጣት ሐኪም እንኳ በበሩ ብቅ አለ። ምራቴ "እማዬ፣ በአላህ! ባጃጁ ውጭ ቆሟል" እያለች እጅጌዬን ትጎትታለች። ሴትዮዋ ገና ይሳደባሉ። ልጅቷን እጇን ይዤ አጠገቤ አስቀመጥኳት።

"የት ላይ ነው ልጄ?" አልኳት።

መጀመሪያ አማቷን አየች። ከዚያ ወደ ወገቧ ጠቆመች። ምን ስትሠራ እንደሚብስባት ጠየቅኳት። አፏን ስትከፍት ቃሉ ተከታትሎ ወጣ፤ ለካ ብዙ ነበራት። ምራቴ ባጃጁ ሊሄድ ነው አለችኝ።

ይሂድ አልኳት።